ሥራው መመለሱ ላይ ነው

አንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ የኩሬ ውሃ ሞላሁበትና መስኮት ዳር አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ። በአምስተኛው ቀን ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ጣለ። ሳምንት ሲሞላው የቤቱ ሰው በሙሉ «ይሄን የሚሸት ነገር ድፋልን!» እያለ ቆመብኝ። አልደፋሁትም። የምፈልገው ፍጡር የሚገኘው እዚያው ሽታ ውስጥ ነው። ጭዱ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይፈላል፤ ባክቴሪያ በፈላበት ደግሞ ባክቴሪያ የሚበላው ባለአንድ ሕዋስ ፍጡር፣ ፓራሚሲየም፣ ይፈላል። ከዓይን መድኃኒት በተረፈች ማንጠብጠቢያ ከሽፋኑ ሥር አንዲት ጠብታ ቀዳሁና ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋት።

መጀመሪያ የሚታየው ሩጫ ብቻ ነው። የነጠላ ጫማ ቅርጽ ያላቸው፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነገሮች እየተሽከረከሩ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ዓይን ሊይዛቸው ሲል የሉም። አንዱ ፓራሚሲየም ርዝመቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ አራቱ አፍና ጭራ ገጥመው ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። በሴኮንድ ግን አንድ ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። ሰው በራሱ ቁመት ልክ እንዲህ ይዋኝ ቢባል በሴኮንድ ወደ ሰባት ሜትር መሄድ ነበረበት፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛ እንኳ ሦስት ሜትር አይሞላም።

እንዲረጋልን አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ጥፍር የማታህል ባዘቶ ፈታ አድርጎ ጠብታው ላይ መጣል ነው። የጥጡ ጭረቶች አጥር ይሠሩና ፓራሚሲየሙ በመካከላቸው ተቀርቅሮ ይቀራል። ቀጥሎ የማይክሮስኮፑን ብርሃን መቀነስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በደንብ ለማየት ብርሃን ይጨምራል፤ እዚህ ግን ብርሃን ሲበዛ ቀጭን ነገር ይጠፋል። መክፈቻውን እስከ ግማሽ ሲያጠቡት የፍጡሩ ጠርዝ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ይታያል፤ ጠርዙ በሙሉ ይርገበገባል።

የሚርገበገበው ሲሊያ ነው። ቃሉ ላቲን ሲሆን ሽፋሽፍት ማለት ነው። ስሙ መልኩን እንጂ ሥራውን አይነግርም፤ ሽፋሽፍት ዝም ብሎ ይቆማል፣ ይሄ ግን ለአፍታ አያርፍም። ከጻፉት ሁሉ ቀድሞ ያየው የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1676 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ደብዳቤ በውሃ ውስጥ ስላያቸው ደቃቅ እንስሳት ሲያወራ፣ ቀጫጭን እግር አላቸው፣ እሱንም በፍጥነት ያንቀሳቅሱታል ብሏል። በእጁ የያዘው ራሱ የሞረዳት፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ሌንስ ነበረች። የጨርቅ ነጋዴ ክር ማየት ያውቃል።

እኔም ክር ለማየት ነበር የተቀመጥኩት። የአንዲት ሲሊያ ርዝመት ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ነው፤ ውፍረቷ የዚያ አርባኛ። በአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ ከሁለት መቶ በላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እነዚህ በሺዎች ሆነው ሙሉውን የፓራሚሲየም ገላ ለብሰዋል፤ እያንዳንዷም በሴኮንድ ሃያ ጊዜ ገደማ ትቀዝፋለች። በዓይን ተከትሎ መቁጠር አይቻልም። ቀዘፋውን በሥራው ለማየት ግን ቀላል መንገድ አለ። ከሰል ፈጭቼ፣ በጣም ደቃቁን ብቻ ወስጄ ውሃው ውስጥ በተንኩት። ከመቅጽበት የከሰሉ ቅንጣት በፓራሚሲየሙ ጎን እንደ ወንዝ መፍሰስ ጀመረ፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሳይደናበር።

ወደ አንድ አቅጣጫ መፍሰሱ ነው የሚያስደንቀው። አንባቢ ቀላል ነገር እንዳይመስለው እፈራለሁና ትንሽ እንቆይበት።

ለዚያ መጠን ላለ ፍጡር ውሃ እኛ የምናውቀው ውሃ አይደለም። እኛ ዋኝተን እጃችንን ብንተው ገላችን ትንሽ ይንሸራተታል፤ ታንኳም ቀዘፋው ሲቆም ጥቂት ይሄዳል። ፓራሚሲየም ግን ሲሊያው በቆመበት ቅጽበት እዚያው ነው የሚቆመው፤ ከራሱ ቁመት ትንሿን ክፋይ እንኳ አይንሸራተትም። ለእሱ ውሃው ማር ነው። ማር ውስጥ ደግሞ አንድ ክፉ ሕግ አለ፤ በሄድክበት መንገድ ከተመለስክ ምንም አልሠራህም። ማንኪያ ወደ ግራ ገፍተህ በዚያው መስመር ወደ ቀኝ ብትመልሰው ማሩ የነበረበት ይመለሳል። ፈጥነህ ሄደህ ቀስ ብለህ ብትመለስም ለውጥ የለውም። ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦ የጻፈው በ1952 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ኤድዋርድ ፐርሰል ነው። በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ምሳሌ ያደረገው ባለሁለት ክዳን የባሕር ዛጎልን ነበር። ይህ እንስሳ ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፍቶ በፍጥነት በመዝጋት ይዋኛል። የፓራሚሲየምን ያህል ቢያንስ ግን ሲከፍት ወደ ኋላ፣ ሲዘጋ ወደ ፊት እያለ ባለበት ሲዋልል ይውላል።

የጣና ቀዛፊ ይህ ችግር የለበትም። ውሃውን ወደ ኋላ ከሳበ በኋላ መቅዘፊያውን ከውሃ ያወጣና በአየር ይመልሰዋል። ሲሊያ የምትወጣበት አየር የላትም። ሄዳም ተመልሳም ያው ማር ውስጥ ናት። ስለዚህ ጥበቧ ሁሉ የፈሰሰው መመለሱ ላይ ነው።

ስትሄድ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ከሥሯ ተነሥታ እንደ በትር ተወጥራ፣ ጫፏ ከገላው ርቆ ሰፊ ቅስት እየሠራ ውሃውን ጠራርጋ ትገፋለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አትገላበጥም። ከሥሯ ዘንድ ትለሰልሳለች፤ እጥፋቱ ከሥር ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ጫፍ ይወጣል፤ ቀሪው አካሏ ገላውን እየታከከ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጎን ዞር ብሎ ይሳባል። ገላው አጠገብ ያለው ውሃ ደግሞ ገላውን የሙጥኝ ብሎ የሚይዝ ስለሆነ ብዙም አይነቃነቅም። እንግዲህ ሲሄዱ ብዙ ውሃ፣ ሲመለሱ ጥቂት ውሃ። ልዩነቱ ነው ፓራሚሲየምን የሚያስኬደው። ሰው ሸማውን ከፍ አድርጎ ዘርግቶ ወደ ፊት ቢያራግብና መልሶ ከመሬት ሥር እየጎተተ ቢሰበስበው ይህን ይመስላል፤ ምሳሌዬ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን የዚህን እንቅስቃሴ አምሳያ በእጅ ሥራ ውስጥ ፈልጌ የተሻለ አላገኘሁም።

ጎረቤት ከጎረቤት መጠባበቅም አለ። ሁሉም እኩል አይቀዝፉም። አንዷ ስትጀምር ቀጣይዋ በጥቂት ዘግይታ ትከተላለች፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ፣ በገላው ላይ ማዕበል ይሄዳል። መጻሕፍት ነፋስ የመታው የስንዴ ማሳ ነው ይሉታል። እኔ ጤፍ ብዬው ነበር፤ ጤፍ ሲተኛ የበለጠ ይለሰልሳልና። ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱም አይሆኑም። ማሳውን የሚያስተኛው ከውጭ የመጣ ነፋስ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ዘለላ በራሱ ጉልበት ነው የሚጎብጠው፤ ነፋሱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታደርግ ክር በውስጧ ምን አላት? የብርሃን ማይክሮስኮፕ እዚህ ላይ አቅሙ ያልቃል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመጣ ጊዜ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሲሊያ እንደ ሽንኩርት አግድም ተቆርጣ ታየች። እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ አይሪን ማንተን የሞስንና የፈርንን የወንዴ ሕዋስ ጭራ አየች። አሜሪካውያኑ ዶን ፎሴትና ኪት ፖርተር በ1954 ከቀንድ አውጣ ወገን እስከ እንቁራሪት፣ ከአይጥ እስከ ሰው ያለውን ሲሊያ አሳዩ። የሁሉም ምስል አንድ ነው። ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቱቦ፣ መሃል ላይ ሁለት ነጠላ። በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ተክልና የሰው ጉሮሮ በአንድ ንድፍ ተሠርተዋል።

መሶብ የምትሰፋ ሴት እጅ አይቼ አድጌያለሁ። ስንደዶውን እፍኝ አድርጋ ወደ ውስጥ፣ አክርማውን በላዩ ጥቅልል፤ ጥንካሬው ከስንደዶው፣ ቅርጹ ከማሰሪያው። የሲሊያን አግድም ቁራጭ ባየሁ ቁጥር ያ እጅ ነው ትዝ የሚለኝ። የዙሪያው ጥንድ ቱቦ እኩል አይደለም። አንደኛው ሙሉ ክብ ነው፣ በ13 ስስ ክሮች የተገጠመ። ሁለተኛው 10 ክር ብቻ አለው፤ የጎደለውን ግድግዳ ከወንድሙ ተውሶ ተደግፎት ቆሟል። ከእያንዳንዱ ጥንድ ወደ መሃል እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ዘንጎች ይሄዳሉ። ጥንዱንና ቀጣዩን ጥንድ ደግሞ ሌላ ማያያዣ ያስራቸዋል። ከሙሉው ቱቦ ላይ ወደ ጎረቤት ጥንድ የተዘረጉ ክንዶች አሉ፤ የውጪዎቹ ክንዶች በየ24 ናኖሜትሩ ተደርድረዋል፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። አንዷን ሲሊያ ከሥር እስከ ጫፍ ብንቆጥር ክንዶቹ በሺዎች ናቸው።

ክንዶቹ ዳይኒን ይባላሉ። ምንነታቸውን ያወቀው ኢያን ጊበንስ በ1963 ያደረገው ሙከራ የባለሙያ ሙከራ ነው። ቴትራሃይሜና ከተባለች ባለሲሊያ ፍጡር ላይ ሲሊያውን ሰበሰበ፣ ሽፋኑን አሟሟው፣ ከዚያ ክንዶቹን ብቻ ከቱቦዎቹ አላቀቀ። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ዘጠኙ ጥንድ ራቁቱን ቀርቷል። ያላቀቀውን መልሶ ሲጨምርበት ክንዶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተሰኩ። ሰዓት ሠሪ አንድ ጥርስ አውጥቶ መልሶ ሲገጥመው እንደሚያደርገው። የተነቀሉት ክንዶች የሕዋስን ነዳጅ፣ ኤቲፒን፣ የሚያቃጥሉ ሆነው ተገኙ፤ ሞተሩ እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ሞተሩ ግን አያጎብጥም፤ የሚያውቀው መጎተት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክንድ በራሱ ቱቦ ላይ ተተክሎ የጎረቤቱን ቱቦ ይዞ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። ውጤቱ መንሸራተት ነው። በ1971 ኪት ሰመርስና ጊበንስ የባሕር ጃርትን የወንዴ ሕዋስ ጭራ ወስደው በውስጡ ያሉትን ማያያዣዎች በፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም በጣጠሱና ኤቲፒ ጨመሩበት። ጭራው አልተወዛወዘም። ቱቦዎቹ አንዱ ከአንዱ እየሾለከ እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና ተመዘዘ፤ ከመጀመሪያ ርዝመቱ ብዙ እጥፍ ሆነ፣ እዚያው ቀረ። ጉልበት ሁሉ ነበረ፤ ማሰሪያው ብቻ ነው የጎደለው።

ማሰሪያው የሚያደርገውን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ረዣዥም የወረቀት ቁራጮችን ደራርባችሁ በአንድ ጫፍ ስቴፕል ምቷቸው። በሌላው ጫፍ አንደኛውን ወደ ላይ ግፉ፣ ሌላውን ወደ ታች ሳቡ። መንሸራተት ይፈልጋሉ፣ ግን ታስረዋል፤ ስለዚህ ይጎብጣሉ። ሲሊያም ከሥሯ ታስራለች፣ በየደረጃውም ታስራለች። ነጻ ብትሆን የምትበታተንበት ጉልበት ስለታሰረ መጎበጥ ሆነ።

አንድ ነገር ይቀራል። ዘጠኙም ጥንድ እኩል ቢጎትቱ ገመድ ጉተታ ይሆናል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሲስብ ገመዱ ቀጥ ብሎ እንደሚቆመው ሲሊያም ቀጥ ብላ ትቀር ነበር። እናም ተራ ገብተዋል። በአንድ ወገን ያሉት ሲሠሩ የማዶዎቹ ያርፋሉ፤ ሲሊያዋ ትሄዳለች። የሠሩት ሲያርፉ ያረፉት ይነሣሉ፤ ሲሊያዋ ትመለሳለች። በሴኮንድ ሃያ ጊዜ። የመሃሉ ሁለት ቱቦና ወደ እሱ የሚሄዱት ዘንጎች በዚህ ተራ አጠባበቅ ውስጥ እጃቸው አለበት። ክላሚዶሞናስ በተባለችው ባለሁለት ጭራ ደቃቅ አረንጓዴ ፍጡር ዘንጎቹ በዘር ጉድለት ሲጠፉ፣ ክንዶቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ጭራው ሽባ ይሆናል።

ወደ ባዘቶዬ ልመለስ። ከጥጡ አጥር ያመለጠ አንድ ፓራሚሲየም በሙሉ ፍጥነት መጥቶ በአየር አረፋ ግድግዳ ተጋጨ። ተጋጨና ወዲያው ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱን ሳያዞር፣ መኪና ሪቨርስ እንደሚገባው። ትንሽ ከሄደ በኋላ ቆመ፣ ፊቱን ጥቂት አዘመመ፣ እንደገና ወደ ፊት። እንደገና አረፋው። እንደገና ወደ ኋላ። አራት ጊዜ ሞክሮ በአምስተኛው አለፈ። አሜሪካዊው ኸርበርት ጄኒንግስ በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠባይ አንድ በአንድ ተከታትሎ ጽፎታል። ነርቭ የለ፣ አንጎል የለ፤ ወደ ኋላ ሂድ ያለው ማን ነው?

ዩታካ ናይቶህና ሮጀር ኤከርት በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚህች ፍጡር ገላ ውስጥ የመስታወት መርፌ ተክለው ኤሌክትሪኩን ለኩ። ፊቱ ሲነካ ከውጭ ካልሲየም ይገባል። መግቢያ በሮቹ ያሉት በሲሊያው ሽፋን ላይ ነው፤ ሲሊያው ከተነቀለ ምላሹ ይጠፋል፣ ሲበቅል ይመለሳል። በሲሊያው ውስጥ ካልሲየም ከፍ ሲል የቀዘፋው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ካልሲየሙ ተጠርጎ ሲወጣ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጭራው ሲነካ ሌላ በር ይከፈትና ወደ ፊት ይፈጥናል። ቺንግ ኩንግ የተባለ ተመራማሪ ካልሲየም የማያስገቡ፣ ወደ ኋላ መሄድ ፈጽሞ የማይችሉ የፓራሚሲየም ዘሮችን ለየና በቼዝ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መራመድ በማትችለው ወታደር ስም ጠራቸው። ስም አወጣጥ ላይ ሳይንቲስቶች ብዙ ጊዜ አይሳካላቸውም፤ ይሄኛው ግን ተሳክቶለታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በእኛም ውስጥ አለ። በአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ ያሉት ባለሲሊያ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ከ200 እስከ 300 ሲሊያ አላቸው። እነዚህ አይዋኙም፤ ሕዋሱ ተተክሏል፣ የሚሄደው ፈሳሹ ነው። እዚህ ላይ የሥራው ልክ አስገርሞኛል። ግድግዳው ላይ ሁለት ድርብ አለ፤ ከሥር ቀጭን ውሃማ፣ ከላይ አቧራና ጀርም የሚይዝ ዝልግልግ። የውሃማው ጥልቀት ከሲሊያዋ ቁመት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስትሄድ ቀጥ ስትል ጫፏ ብቻ ዝልግልጉን ቆንጥጦ ይገፋዋል፤ ስትመለስ ደግሞ ታጥፋ በውሃው ውስጥ፣ ከዝልግልጉ ሥር ሾልካ ትመለሳለች። ውሃው ትንሽ ቢጎድል ዝልግልጉ ይተኛባታል፣ ትንሽ ቢተርፍ አትደርስበትም። በዚህ መንገድ ዝልግልጉ በደቂቃ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጉሮሮ ይደርሳል፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ማዕድ ቤት ገብታ እሳት ያነደደች እናት የሳበችው ጥላሸት በዚሁ ጎዳና ነው የሚወጣው። የትንባሆ ጭስ ይህን ጎዳና ያደክመዋል፤ ያን ጊዜ ሲሊያ በዝምታ ትሠራው የነበረውን ሳል በጩኸት ይረከባል።

ክንዶቹ ከመጀመሪያው የሌሏቸው ሰዎችም አሉ። ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ በ1976 ልጅ መውለድ ያልቻሉ ወንዶችን የወንዴ ሕዋስ አይቶ የዳይኒን ክንዶቹ እንደጠፉ ጻፈ። ሰዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደረታቸውና ሳይነሳቸው ይታመም ነበር። ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ካሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ፣ ጉበታቸው በግራ ነው። የዙሪኩ ሐኪም ማኔስ ካርታጌነር ይህን የሕመም ጥምረት በ1933 ጽፎት ነበር፤ ሳይነስና የልብ ቦታ ምን እንዳገናኛቸው ግን ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ።

መልሱ የመጣው በ1998 ከጃፓን ነው፤ ከኖቡታካ ሂሮካዋ ላቦራቶሪ። የአይጥ ፅንስ ገና ልብ ሳያወጣ በሆዱ በኩል አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። በዚያ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ አንዲት ሲሊያ ብቻ ተክሏል። ይህቺ ሲሊያ አትቀዝፍም፤ ክብ እየሠራች ትሽከረከራለች። ክብ ደግሞ ፈሳሹን ያዞረዋል እንጂ ወደ አንድ ወገን አይነዳውም። ዘዴው ማዘንበሏ ላይ ነው። ወደ ፅንሱ ጭራ ጋደል ብላ ስለተተከለች፣ ወደ ግራ ስትጠርግ ከግድግዳው ርቃ፣ ወደ ቀኝ ስትመለስ ግድግዳውን ታካ ነው። ግድግዳውን የሙጥኝ ያለ ፈሳሽ ብዙ አይነቃነቅም። ፈሳሹም ወደ ግራ ይፈስሳል፣ ፅንሱም ግራው የት እንደሆነ ያውቃል። ፈሳሹ ባልፈሰሰበት ነገሩ በዕጣ ይሆናል። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች በሰው ሠራሽ ፍሰት ፈሳሹን ወደ ቀኝ ነዱት፤ የፅንሶቹ ግራና ቀኝ ተገለበጠ። ፓራሚሲየምን ሳይ ያደነቅሁት ያው መመለስ፣ ልቤን በግራ ያስቀመጠው እሱ ነው።

ለእኛ አገር የቀረበ ደግሞ ሌላ ባለሲሊያ አለ፣ ይሄኛው ጠላት ነው። የቢልሃርዝያ እንቁላል ከሰው ወጥቶ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና ሚራሲዲየም የምትባል እጭ ትወጣለች። ገላዋ በሲሊያ ተሸፍኗል። አፍ አውጥታ አትበላም፤ ይዛው የወጣችው ስንቅ ለሰዓታት ነው የሚበቃት፣ በዚያ ውስጥ ትክክለኛውን ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባት። ካገኘች ሥጋውን ሰርስራ ትገባና ሲሊያ የለበሱትን ንጣፎች አንድ በአንድ አውልቃ ትጥላለች። መመለስ የለማ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። እጪቱ ምንም ብትቀዝፍ የምትደርስበት እንግዳ ማረፊያ ከሌለ ስንቋ አልቆ ታልቃለች። ከዚህች ትዝብት ተነሥቶ ለዓመታት የሠራው ሥራ በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶለታል።

ክላሚዶሞናስን አንሥቼ ነበር፤ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ይህቺ ፍጡር ሁለት እኩል ጭራዎች አሏት፣ ውስጣቸው ያው ዘጠኝና ሁለት ነው። በ1969 ጆኤል ሮዘንባምና ባልደረቦቹ አንዱ ጭራዋ ብቻ ሲቆረጥ የሚሆነውን ተከታተሉ። የተቆረጠው ማደግ ይጀምራል። ያልተቆረጠው ደግሞ ያጥራል። አንዱ እየረዘመ፣ ሌላው እያጠረ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ እኩል ሲሆኑ አብረው ይረዝማሉ። ጫፍ ድረስ ዕቃ የሚወስድ ማጓጓዣ እንዳለም ከዚያው ላቦራቶሪ በ1993 ታየ። የግንባታው ዕቃ በአንድ ዓይነት ሞተር ተጎትቶ ወደ ጫፍ ይወጣል፣ በሌላ ዓይነት ሞተር ወደ ሥር ይወርዳል። የሚያወርደው ሞተር ዳይኒን ነው። መመለሻ በተባለበት ቦታ ሁሉ ይህ ዳይኒን አይጠፋም።

በቅርባችሁ ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ካለ፣ ልጅም ካላችሁ፣ ይህን አብራችሁት ሞክሩ። የጤፍ ጭድ ባይገኝ የገብስ ይሆናል። ቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበትና የኩሬ ወይም የወንዝ ውሃ ይሁን፤ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ባዘቶውን አትርሱ፣ ብርሃኑን ቀንሱ፣ መሃሉን ትታችሁ ጠርዙን እዩ። ጠርሙሱን መስኮት ዳር ስታስቀምጡ ክዳኑን አታጥብቁት፤ አየር ይፈልጋሉ።